መኪናችሁን ከፍ ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ጭቃውን ለማለፍ በኩንታል ስንት ትከፍላላችሁ?

ዛሬ ዋጋ ብቻ ለጥፌ አልሄድም። ነሐሴ በገባ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዘንድሮም ያው ነው። «ወንድሜ፣ ፒካፗን ከፍ ላስደርጋት ነው። ባሌስትራ አስቀይራለሁ፣ የኋላ አክስሏንም አጠነክራለሁ። ስንት ብር ልያዝ?»

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ጥያቄው «ስንት ብር ልያዝ?» ሳይሆን «በኩንታል ስንት ይደርስብኛል?» መሆን አለበት። ሰሊጥ ስንገዛ በኩንታል እናስባለን፣ ቡና ስንገዛ በፈረሱላ እናስባለን፣ ኮሚሽን እንኳ በኩንታል ነው የምንቆርጠው። መኪና ላይ ስንደርስ ግን ካልኩሌተሩን አስቀምጠን በስሜት እንገዛለን። እኔም እንደዚያ አድርጌ ተምሬበታለሁ።

ጥያቄው ለምን ነሐሴ ላይ ይመጣል?

አሶሳና አካባቢዋን ለማታውቁ የአዲስ አበባ ላኪዎች ትንሽ ላብራራ። በእኛ በኩል ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሰሊጥ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ ተዘርቶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይሰበሰባል። አኩሪ አተር ይከተላል፣ ማሽላው ከዚያ ወዲህ ነው። ከአሶሳ በባምባሲ፣ በመንዲና በነቀምት አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እሱ ዋናው መንገድ ነው፣ ጭነት መኪናው ይሄድበታል። ችግሩ ሰሊጡ አስፋልት ዳር አለመብቀሉ ነው። ሰሊጡ ያለው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፒስታው አልቆ የእግር መንገድ በሚመስልበት ቦታ ነው።

ቀዩ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል እንጂ ዝናቡ ካባራ ቶሎ ይጠነክራል። ጥቁሩ መረሬ ግን ሌላ ነገር ነው። ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ጎማው ክብ መሆኑ ይቀርና እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ከዚያ በቃ መኪናው ቆሞ ይሽከረከራል። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቢቀንስም መንገዱ ገና አልዳነም። በዚያው ሰዓት ገበሬው ብር ይፈልጋል፤ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ የአጫጅ ክፍያ አለ። አይሱዙ መግባት አይችልም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የገባ ሰው የመጀመሪያውን ሰሊጥ ያገኛል። ኅዳር አጋማሽ ላይ መሬቱ ሲደርቅ አይሱዙው ሁሉ ይገባል፤ የከፍተኛ መኪና ብልጫም እዚያው ያበቃል።

ይህን ልብ በሉ። መኪናው ከፍታውን የሚፈልገው ዓመቱን ሙሉ አይደለም። ለአብዛኞቻችን ከ30 እስከ 40 ቀን ቢሆን ነው። ወጪው ግን ዓመቱን ሙሉ አብሮን ይኖራል።

ጥያቄው ከድሮው የበዛበት ሌላም ምክንያት አለ። ቆየት ያሉ መኪኖችን ማስገባት በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከባድ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር ገባ፤ በወራት ውስጥም ከ120 ብር አለፈ። ምንዛሪው ለላኪው ጥሩ ነበር፤ ለመለዋወጫ ገዢው ግን በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ሰው አዲስ መኪና መግዛቱን ትቶ ያለውን ማጠናከር ጀመረ። ሐሳቡ ልክ ነው። ሒሳቡ ነው የሚጎድለው።

እኔ የከፈልኩት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነበረችኝ። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ከፊት ማስረዘሚያ ብረት ገባላት፣ ከኋላ ተጨማሪ ባሌስትራ ተደረበላት። ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለች። ቁመናዋ ልብ ይሰርቅ ነበር። የሠራላት ልጅ «አሁን አይሱዙ ሆነችልህ» አለኝ፤ እኔም አመንኩት።

ጥቅምት ላይ ከመንጌ ወዲያ ገብቼ 14 ኩንታል ሰሊጥ ጫንኩ። ባሌስትራው ቅንጣት አልጎበጠም። «አየህ?» አልኩት ረዳቴን። አንድ ወንዝ ስንሻገር ወጣ ልንል ስንል ከኋላ በግራ በኩል እንጨት የተሰበረ ዓይነት ድምፅ ሰማን። የኋላው ዘንግ ኩሽኔታው አጠገብ ተቆርጦ ጎማው ከነዘንጉ ወደ ውጭ ወጣ። መኪናው ውሃው ላይ ተቀመጠ።

የመንደሩ ሰዎች መጥተው በጭንቅላታቸውና በአህያ ከረጢቱን አወጡልኝ፤ ውለታቸውን አልረሳም። ከታች የነበሩት ሁለት ኩንታሎች ረጠቡ። የረጠበ ሰሊጥ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም። አሶሳ ላይ ጭነት ይጠብቅ የነበረው መኪና ጎዶሎውን ሄደ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት አለፉ። ያ ሁሉ ግን ያማል እንጂ አይገርምም። የከበደኝ ሌላ ነው። ወደ ላይ ባለው መንደር «ነገ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ያስያዝኳቸው ገበሬዎች ጠብቀው ጠብቀው በአህያ አውጥተው በቅናሽ ሸጡት። አንድ ሽማግሌ በኋላ ሲያገኙኝ «ልጄ፣ የመኪናህን ቁመት አይተን ነው የጠበቅንህ» አሉኝ። ለዚህ መልስ የለኝም ነበር።

መኪናዋን ያነሳልኝ አሶሳ ያለ አንድ የድሮ መካኒክ ነው። ከሥሯ ገብቶ ወጣና እጁን እየጠረገ፣

«አንተ ልጅ፣ ከፍ ያደረግኸው ሳጥኑን ነው። ዲፍረንሻሉ የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ያው ቦታው ላይ ነዋ ጋሼ።»

«ታዲያ ጭቃውን የሚነካው እሱ አይደል?»

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የወጣ ነው።

ከፍታ የሚገዛው ምንድን ነው?

ባሌስትራ ስትቀይሩ ወይም ሞላ ስታስረዝሙ ከፍ የሚለው ሻንሲውና ከሱ በላይ ያለው ነው። ዲፍረንሻሉ ያለበት የአክስል ቤት ግን ጎማው መሐል ላይ የታሰረ ስለሆነ ካለበት ፈቀቅ አይልም። እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ ያውም ጎማው ከጨመረው ቁመት ግማሹን ብቻ።

በቁጥር እንየው። 235/85 አር 16 የሚባለው ጎማ ቁመቱ ወደ 806 ሚሊ ሜትር ነው። 255/85 አር 16 ብታደርጉት ወደ 840 ይሄዳል። ልዩነቱ 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲፍረንሻሉ ከፍ የሚለው 17 ሚሊ ሜትር ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ማለት ነው። አምስት ጎማ ቀይራችሁ የምታገኙት እሱን ነው።

ከፍታው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ትልቁ ጎማ የጭቃ መከላከያውን እንዳይመታ ቦታ ይሰጣል። ወንዝ ዳር ገደል ስትወጡና ስትወርዱ አፍንጫዋና ጭራዋ መሬት እንዳይነካ ያደርጋል። ተረከዙ በጠለቀ ጎዳና ላይ የሆዷ ብረት ድንጋይ እንዳይመታ ይረዳል። ግን መረሬ ውስጥ ሰምጦ የቆመ መኪና የሚያወጣው ቁመቱ ሳይሆን ጎማው መሬት የሚይዝበት መንገድ ነው።

ከፍታው የሚያስከፍለውም አለ። ክብደቱ ወደ ላይ ሲወጣ በጎን ተዳፋት ላይ የመገልበጥ አደጋ ይጨምራል፤ ከረጢት ከላይ ሲደረደርበት ደግሞ ይብሳል። የፍሬን ቱቦዎቹ ይወጠራሉ። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አንግሉ ይቀየርና መስቀለኛው ቶሎ ይበላል። ከ2005 ወዲህ የመጡት ሃይሉክሶች የፊት ጎማቸው ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ሲደረጉ የፊት ዘንጎቹ በማይመቻቸው አንግል እየዞሩ ጎማ ሽፋናቸው ይቀደዳል፤ ጭቃ ይገባል፣ ከዚያ ሙሉ ዘንግ ግዛ ነው። ትልቁ ጎማ ደግሞ ማርሹን ያከብደዋል፤ ከላይ ባልኩት ምሳሌ 4 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትሩ ላንድክሩዘር ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ይህን ይሰማዋል፤ ናፍጣውም ይሰማዋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪያችሁም በዚያው ልክ አሳንሶ ይቆጥራል።

አክስል ማጠናከር ሲባል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባሌስትራ መደረብ አክስል ማጠናከር አይደለም። ባሌስትራው የሚያደርገው መኪናው ጭነቱ እንዳይታወቅበት ማድረግ ነው። ጭነቱ የትም አልሄደም፤ አክስሉ ቤት ላይ፣ ኩሽኔታው ላይ፣ ሻንሲው ላይ አለ። እንዲያውም የጎበጠው ባሌስትራ «በቃህ» ይላችሁ ነበር፤ ደርባችሁ አፉን ዘጋችሁት።

ሁለቱን የምናውቃቸውን መኪኖች እናወዳድር። ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ ላይ የኋላው ጭነት የሚያርፈው የአክስሉ ቤት ላይ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘንግ ሥራው ማዞር ብቻ ነው። ዘንጉ ቢሰበር እንኳ ጎማው ቦታው ላይ ይቆያል። ሃይሉክስ ላይ ግን ያው ዘንግ ያዞራልም፣ ክብደቱንም ይሸከማል። ከተሰበረ ጎማው ይዞት ይወጣል፣ እኔ ላይ እንደደረሰው። ስለዚህ «እገሌ 14 ኩንታል ጭኖ ምንም አልሆነም» ስትባሉ፣ መጀመሪያ መኪናው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ላንድክሩዘሩም ቢሆን ጣጣ አለው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ መኪና የገጠር ሰው መኪና ነው። ከ2007 ጀምሮ ባለ ቪ8 ሞተሩ ሲመጣ የፊቱ አክስል ሰፋ፤ የኋላው ግን እንደነበረ ቀረና ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጠበበ። ጭቃና አሸዋ ላይ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ የራሱን አዲስ ዱካ ይቆፍራል። ለዚህ ብሎ የኋላ አክስል ማስፋት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። የእናንተ መኪና ይህ ችግር ካለበት በሜትር ለክታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፤ ከፊት ጎማ መሐል ለመሐል፣ ከኋላ ጎማ መሐል ለመሐል። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ «አክስል እናስፋልህ» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት። ችግሩ ካለ ደግሞ ማስረዘሚያ ቀለበት ብቻ ማስገባት ርካሽ ቢመስልም ኩሽኔታው ላይ ጫና እንደሚጨምር እወቁ።

እዚያው አገር የመኪናን የመጫን አቅም ከፍ ማድረግ በመሐንዲስ ተረጋግጦ በሰነድ የሚመዘገብ ነገር ነው። ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ፍሬን እና ጎማ በአንድ ላይ ታይተው ነው አዲስ ክብደት የሚጻፈው። እኛ ጋ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ሳይቀየር ጭነቱ ብቻ ነው የሚቀየረው።

በጀቱ በሁለት ደረጃ

አሁን ወደ ብሩ። እኔ ሥራውን ለሁለት እከፍለዋለሁ።

አንደኛው ደረጃ፦ ያለውን መኪና ጤነኛ ማድረግ። በዚህ ውስጥ የሚገቡት፦

— ጭቃ የሚይዙ፣ መጠናቸው የመኪናው የሆኑ 5 ጎማዎች። ስኮርታውን አትርሱ፤ አራቱ አዲስ ሆነው አምስተኛው ያለቀ ከሆነ አራት ጎማ ነው ያላችሁ።
— አሞርዛተርና የባሌስትራ ጎሚኒዎች። «ባሌስትራዬ ደከመ» ከሚለው ሰው ብዙው የደከመበት ይሄ ነው።
— የኋላ ኩሽኔታዎችና የዘይት መያዣ ጎማዎች፣ የዲፍረንሻል ዘይት።
— የአክስል መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ ማስረዘም። ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ነው። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይጨመቅና ውሃ ይስባል። ውሃ የገባበት ዘይት ዲፍረንሻሉን ይበላዋል። ጥቂት ሜትር ቱቦ ይህን ሁሉ ያስቀራል።
— የፍሬን ሸራና ቱቦ።
— ጠንካራ መጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ወፍራም ጣውላ፣ ጎማ መንፊያ። መንፊያ ያለው ሰው ጭቃው ጋ ሲደርስ የጎማውን አየር ቀነስ አድርጎ ይገባል፣ ሲወጣ መልሶ ይሞላል። አየር የቀነሰ ጎማ መሬት የሚይዝበት ርዝመት ይጨምራል። ጭነት ይዛችሁ ግን ብዙ አትቀንሱ፣ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ከፍታውና አክስሉ። ሙሉ የባሌስትራና የሞላ ቅያሪ፣ ለሱ የሚመጥን አሞርዛተር፣ ረዘም ያለ የፍሬን ቱቦ፣ የዘንግ አንግል ማስተካከያ፣ ትልልቅ ጎማ፣ አስፈላጊ ከሆነ የዲፍረንሻል ጥርስ ቅያሪ፣ የዲፍረንሻል መቆለፊያ፣ የአክስል ቤት ማጠናከር። ከነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል መቆለፊያውን እመርጣለሁ። አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲሽከረከር ሌላው ዝም ብሎ የሚቆምበትን ችግር የሚፈታው እሱ ነው። አንዳንዱ ላንድክሩዘር ከፋብሪካው ይዞት ይመጣል፤ ሳይሠራ ዓመታት የቆየ መቆለፊያ ያላችሁ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ።

በሁለቱም ደረጃ ላይ ሦስት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ መጠባበቂያ፤ የተፈታ መኪና ያልታሰበ ነገር ያሳያል፣ ከጠቅላላው 20 በመቶ ያዙ። ሁለተኛ፣ መኪናው ጋራዥ የሚቆምበት ቀን። ሥራውን ነሐሴ ላይ ጀምሩ፤ ጥቅምት ላይ ጋራዥ የቆመ መኪና ኪሳራ ነው። ሦስተኛ፣ ማጓጓዣ። መለዋወጫው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራና ከአካባቢው ነው የሚመጣው፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ ስንት ቀን እንደሚቆይ አይታወቅም። ፕሮፎርማ ስታስወጡም እስከ መቼ እንደሚጸና አጽፉበት፤ ኦሪጅናል ይሁን ሌላም ስሙን አጽፉበት።

ስሌቱ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደሉም፤ የራሳችሁን ፕሮፎርማ አስገቡበት።

አንደኛው ደረጃ 150,000 ብር ይፈጃል እንበል፣ 3 የመኸር ወቅት ያገለግላል። በዓመት 50,000። ገንዘቡ እዚያ ታስሮ ስለሚቆይ፣ በአማካይ ግማሹን በ20 በመቶ ብናስበው 15,000። ልዩ ልዩ 5,000። ድምር በዓመት 70,000 ብር።

ሁለተኛው ደረጃ ተጨማሪ 250,000 ብር ይፈጃል እንበል፣ 5 ወቅት ያገለግላል። በዓመት 50,000። የታሰረ ገንዘብ 25,000። በናፍጣ፣ በጎማና በፍሬን ዓመቱን ሙሉ የሚጨምረው 25,000። ድምር በዓመት 100,000 ብር።

አሁን ኩንታሉ። አይሱዙ የማይገባበት ጊዜ 30 ቀን ነው እንበል። በቀን አንድ ምልልስ፣ በአንድ ጊዜ 8 ኩንታል። ሁለቱንም ያሠራ ሰው 30ውንም ቀን ገባ እንበል፤ 240 ኩንታል አወጣ። 170,000 ለ240 ሲካፈል በኩንታል 708 ብር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል።

አታቁሙ። አንደኛውን ደረጃ ብቻ ያሠራ ሰው ከ30ው ቀን 20ውን መግባት ይችላል እንበል። 160 ኩንታል ነው። 70,000 ለ160 ሲካፈል 437 ብር ከ50 ሳንቲም። ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ የጨመረልን የመጨረሻዎቹን 10 ቀናት፣ ማለትም 80 ኩንታል ነው። 100,000 ለ80 ሲካፈል በኩንታል 1,250 ብር!

708 የምትለዋ አማካይ 1,250ውን ሸፍናው ነበር። ከፍታውንና አክስሉን የምትገዙት በዚህ ዋጋ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ይሄ ነው፦ መንገዱ በጣም በተበላሸባቸው በነዚያ 10 ቀናት፣ መንደር ባለው ዋጋና አሶሳ ባለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ሌላው ወጪ ሁሉ ተቀንሶ 1,250 ብር ይተርፈዋል? ካልተረፈው መኪናዋ ታምራለች እንጂ አታተርፍም።

ሌላው ንጽጽር ደግሞ ከትራክተር ጋር ነው። ከእርሻው እስከ ጠጠር መንገዱ በትራክተርና በተሳቢ ማውጣት በኩንታል 500 ብር ቢያስወጣ፣ በዚህ ምሳሌ አንደኛው ደረጃ ከትራክተሩ ይሻላል፤ ሁለተኛውን ደረጃ ግን ትራክተሩ ያሸንፈዋል። እነዚያን 10 ቀናት ትራክተር ተከራዩ፣ መኪናችሁን መንገድ ዳር አቁማችሁ ተቀበሉ። አህያም ቢሆን አትናቁ፤ የእኔን ሰሊጥ ከወንዝ ያወጣው እሱ ነው።

ቁጥሩ የሚገለበጥበትም ቦታ አለ። መኪናው ክረምቱን ሙሉ ሥራ ካለው፣ ለምሳሌ ሰኔና ሐምሌ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ ግንቦት ላይ ማንጎ የሚያወጣ ከሆነ፣ ቀኑ ከ30 ወደ 80 ወይም 90 ይሄዳል። ያኔ በኩንታል የሚደርሰው ወጪ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ደረጃም ስሜት ይሰጣል።

ለማን ይዋጣል?

ለግለሰብ ነጋዴና ደላላ፦ አንደኛውን ደረጃ በደንብ ሥሩ፣ ሊብሬው ከሚለው በላይ አትጫኑ፣ ምልልስ ጨምሩ። 8 ኩንታል ሁለት ጊዜ ከ14 ኩንታል አንድ ጊዜ ይበልጣል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለገበሬ ዩኒየኖች፦ አንድ በደንብ የተሠራ መኪና ለብዙ መሠረታዊ ማኅበራት በተራ ቢሠራ ቀኑ ይሞላል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ደረጃ ለእናንተ ነው የሚያዋጣው። ነገር ግን በጭነት መኪኖቻችሁ ላይ ባሌስትራ እየደረባችሁ መጫን ላይ አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ከ1958 እስከ 1960 በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ አስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት የአክስሉን ጭነት በአራተኛ ኃይል ይከተላል። በአንድ አክስል ላይ ጭነት 20 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ በእጥፍ ያድጋል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ነው። ወደ ነቀምት የሚወስደን መንገድ አንድ ነው። ተበላሽቶ የማጓጓዣ ታሪፍ ሲጨምር ጭማሪው ከገበሬው ዋጋ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ለላኪዎች፦ ቅድሚያ ክፍያ ስትሰጡ ሰብሳቢያችሁ መኪናው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ሳይሆን ስንት ኩንታል በስንት ቀን እንደሚያደርስ ጠይቁት። የመጀመሪያው ሰሊጥ እርጥበቱም ከፍ ይላል፤ ቀድሞ መድረስ ብቻውን ትርፍ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ለሁላችንም፦ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፣ ዓመታዊ ምርመራም አለ። መኪናውን ከመፍታታችሁ በፊት የትራንስፖርት ቢሮውን ጠይቁ፣ ኢንሹራንሳችሁንም በጽሑፍ አሳውቁ። አደጋ ከደረሰ በኋላ «ይህ መኪና እኛ የመዘገብነው አይደለም» መባል ከአክስል መሰበር ይብሳል።

ሽማግሌው «የመኪናህን ቁመት አይተን ነው የጠበቅንህ» ያሉኝ ዛሬም ይመጣብኛል። ዘንድሮ ለሳቸው መንደር ቀን የምቆርጠው መንገዱን በሞተር ሳይክል ሄጄ ካየሁ በኋላ ነው። መኪናዬ አጭር ናት፣ መተንፈሻዋ ግን ወደ ላይ ወጥቷል፣ ኩሽኔታዋ አዲስ ነው፣ ከ8 ኩንታል በላይ አትጭንም።

የራሳችሁን ፕሮፎርማ፣ የቀኑን ብዛትና የምትጭኑትን ኩንታል በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራለን። ነገ ጠዋት የአሶሳ የሰሊጥ፣ የአኩሪ አተርና የማሽላ ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ። መልካም ገበያ።